ደንቆሮው ጆሮ ጠቢ በመሐል ሜዳ

በ1998 ዓ.ም. መሐል ሜዳ ከተማ ላይ የቀረው ቪዲዮ ቤት የአስካለ ማርያም ብቻ ነበር። ሌሎቹ ሁለቱ በአምናው ምርጫ ሰሞን ታሽገዋል። የእሷን እግዜር ጠበቀላት። እሷ እንደዚያ ትላለች፤ እግዜርም እስካሁን አላስተባበለም።

ቤቷ ስምንት አግዳሚ ይይዛል። ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት፣ እሷ ከጎኑ። ፊልሙን ሁሉ በቃሏ ስለምታውቀው ጀርባዋን ለቴሌቪዥኑ ሰጥታ የምታየው ሰውን ነው። «ሰው አይቶ የጠገበ የለም» ትላለች።

ትኬት አትቆርጥም፣ ደብተር አትይዝም። መሠረተ ትምህርት ፊደል አስቆጥሯታል፤ ግን ወረቀት አትወድም። «ወረቀት አፍ አለው» ባይ ናት። እንዳይረሳት የፈለገችውን ነገር የነጠላዋን ዘርፍ እየቋጠረች ትይዘዋለች።

በጥቅምት ወር አንድ የቢሮ ወዳጇ «ሰውን አዝናኚበት» ብሎ አዲስ ፊልም በነጻ ሰጣት። «ደንቆሮው ጆሮ ጠቢ» ይላል። አንድ ጆሮው የማይሰማ ሰላይ እንደ ባላገር ባና ደርቦ ገጠር ይላካል። ባልቴቷ «ጠላ ጠምቀናል» ስትል እሱ «ጠላት ደብቀናል» ብሎ ይጽፋል። ታጣቂ መጥቶ ጋኑን ይከባል። የቀበሌው ሊቀ መንበርም ጋኑን «እጅ ወደ ላይ!» ይለዋል።

አዲስ አበባ ላይ የሲኒማ ቤቱ ሰልፍ መንገድ ዘጋ ተባለ። ደብረ ብርሃን ላይ ሰው ከወንበር ወደቀ ተባለ።

መሐል ሜዳ ላይ፣ ቅዳሜ ከገበያ መልስ፣ ሠላሳ ሰው ገባ። ጋኑ ተከበበ፤ ማንም አልሳቀም። ጋኑ እጅ ስጥ ተባለ፤ ማንም አልሳቀም። ሳቁ ሞላሌ ድረስ ይሰማል የሚባልለት ጋሽ ተክለጻድቅ ጋቢውን አፉ ውስጥ ጠቅጥቆ ዓይኑን አፈጠጠ።

ነገሩ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ነበር። ጃኬት የለበሰ፣ ማንም የማያውቀው ጎልማሳ ጉልበቱ ላይ ደብተር ዘርግቶ ይጽፋል። ፊልሙን አየት፣ ሰውን አየት፣ ጫር።

ሠላሳ ሰው ገብቶ ሠላሳ ሰው ወጣ። የአስካለ የነጠላ ዘርፍ እንደተበጠረ ነበር።

«ምነው ጋሽ ተክለጻድቅ፣ ጥርስዎን ሸጡት እንዴ?» አለች በር ላይ።

«ከጥርሴ አንገቴ ይበልጥብኛል፣ ልጄ። ያ ባለ ደብተር ማን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«አንቺ ያላወቅሽው ሰው መሐል ሜዳ ከገባማ ከላይ ነው የተላከ።»

ጠላ ሻጯ ገበያነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች። «እኔማ ‘ጠላ’ ማለቱንም ትቻለሁ። ምን ትሸጫለሽ ካሉኝ ‘ፈሳሽ’ ነው የምል።»

እሑድ አሥራ ሁለት ሰው መጣ። ሰኞ አምስት፤ ከአምስቱም ሁለቱ ተኝተዋል። ባለ ደብተሩ ግን አንድም ቀን አልቀረም።

አስካለ ተንገበገበች። ዓርብ ዓርብ ፊልም አታሳይም፤ ጾምም ነው፣ የፈቃድ ጉዳይም አለባት። ፈቃድ ደግሞ አያልቅም። ባለፈው ዓርብ ደግሞ በግልጽ ተነግሯታል፦ «ቤትሽ ከቀዘቀዘ ለእኛ ምን ያደርግልናል? እንደሌሎቹ እናሽገዋለን።» ቤቷ ከታሸገ በዚህ ዕድሜዋ የሰው ልብስ አጣቢ ልትሆን ነው።

ማክሰኞ ጋሽ ተክለጻድቅንና ገበያነሽን ለምና፣ ሌላ አሥር የሚሆን ሰውም ጎትታ አስገባች። ጋኑ ሊከበብ ሲል ቴሌቪዥኑን ድርግም አደረገችና ወደ ኋላ ሄደች።

«ተነሥ! እኔ ቤት ማን ነው የላከህ?»

«ኧረ እትዬ፣ ማንም...»

ደብተሩን መነተፈችው። ለሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ አነበበች፦

«‘ጋኑ እጅ ስጥ ሲባል፦ ሳቅ የለም። ጋኑ ሲታሰር፦ ሳቅ የለም። ባልቴቷ ስታለቅስለት፦ አንድ ሰው አስነጠሰ።’ ምንድን ነው ይሄ?»

ሰውየው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «ወንድምአገኝ እባላለሁ። ፊልሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ባላገሩ የቱ ጋ እንደሚስቅ ለማየት ነበር የመጣሁት።» ድምፁ ተሰበረ። «ደብረ ብርሃን ላይ እኮ ስቀው ነበር!»

ከዚያ ጋሽ ተክለጻድቅ ጋቢውን ከአፉ አወጣ። የአራት ቀን ሳቅ ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ ባይሆን ይነሣ ነበር።

አስካለ ፊልሙን ከመጀመሪያው ጀመረችላቸው።

ረቡዕ ቆሞ የሚያይ እንኳ ቦታ አጣ። ሐሙስ ከሞላሌ በጭነት መኪና ተጭነው መጡ። የታፈነው የሰው አፍ ተከፈተ።

«የእኛን ሊቀ መንበር ነው የቀዱት!» ይላል ጋሽ ተክለጻድቅ እንባውን እየጠረገ። «ከእሱስ ጋኑ ይሻላል፣ ውስጡ ነገር አለው!»

ገበያነሽ ደጁ ላይ ጣሳ ደርድራ ትጮኻለች፦ «ጠላት አለ! የፈላ ጠላት! መንግሥት ሳይደርስበት ጠጡ!»

አስካለ ሰዉን እያየች አብራ ትስቃለች። ጣቶቿ ሥራ በዝቶባቸው ዋሉ።

ወንድምአገኝ ዓርብ ማለዳ ሚኒባስ ከመሳፈሩ በፊት መጥቶ እጅ ነሣት። «እትዬ፣ ፊልሜን አዳኑልኝ።»

«አንተም ቤቴን» አለችው፤ ከልቧ ነበር።

ረፋድ ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ታፔላ ወደሌለው ቢሮ ሄደች። ወዳጇ በሩን ዘጋ፣ ወንበር ሳበላት፣ እስክሪብቶውን ከፈተ።

«እሺ፣ እትዬ አስካለ። ማን ማን ሳቀ?»

አስካለ ማርያም የነጠላዋን ዘርፍ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችና፣ «ይቺ ተክለጻድቅ ናት» ብላ የመጀመሪያዋን ቋጠሮ ፈታች።