መቶኛው ኖት
«ቁጠሪው፤ ሙሉ ነው» ይለኛል ታናሽ ወንድሜ፣ በላስቲክ የታሰሩ አምስት እስር ብሮች ጠረጴዛው ላይ እየደረደረ።

እናታችን ከመጋረጃው ወዲያ ተኝታለች። ነገ ጠዋት የልብ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ አላት፤ ገንዘቡ ዛሬ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ካልገባ ግን የሆስፒታሉ አልጋ ለሌላ በሽተኛ ይሰጣል።

«ከየት አመጣኸው?»

«መኪና አሻሽጬ። ኮሚሽን ነው። እታለም ደግሞ፣ አትመርምሪኝ!»

መኪና ቀርቶ ብስክሌት ሲያሻሽጥ አይቼው አላውቅም። ቢሆንም ደስ ብሎኛል፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ ደስ ብሎኛል። ዘመድ ሁሉ ስልኬን ማንሣት ካቆመ ሰንብቷል።

እቆጥራለሁ። አስራ አንድ ዓመት የባንክ መስኮት ላይ ስለተቀመጥኩ አውራ ጣቴ እኔን አይጠብቅም። ዘጠና ስምንት፣ ዘጠና ዘጠኝ። መቶኛው ኖት በጀርባው ተገልብጧል።

እንዲህ የማስረው እኔ ነኝ። ደንቡ አይፈቅድም፣ አለቃዬም ሁለቴ ተቆጥቶኛል፤ ግን ሒሳብ ሲጎድል የእኔን እስር ከሰው እስር የምለየው በዚህ ነው። በቅርንጫፋችን ከእኔ ሌላ እንዲህ የሚያደርግ የለም። ሁለተኛውን አነሣለሁ፤ የመጨረሻው ተገልብጧል። ሦስተኛውም እንደዚያው።

ማኅተሜ ያለበትን የወረቀት ማሰሪያ ቀዶ ጥሎ በላስቲክ ተክቶታል። ይኼ በቂ መስሎታል።

ባንካችን ከተዘረፈ ዛሬ ሃያ ቀኑ ነው። በዋዜማው እኔ ያሰርኩትን ብር ነው የወሰዱት። ወለሉ በተወለወለ ቁጥር «ቀስ በሉ» ስለሚለን ስሙ ቀስ በሉ ሆኖ የቀረው ዘበኛችን በሩ ላይ በጥይት ተመቶ ሞተ። በቀብሩ ላይ ሚስቱን ደግፌ ያቆምኳት እኔ ነኝ።

«አንተ ነህ?» እለዋለሁ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

አይክድም። «አንቺ ፈቃድ የወጣሽበትን ቀን ነው የመረጥነው» ይለኛል፣ ውለታ እንደዋለልኝ ሁሉ። «የተኮስኩት እኔ አይደለሁም። ሽማግሌው ተኛ ሲባል ዝም ብሎ ቢተኛ ኖሮ እኮ…»

«ሽማግሌው አትበለው!»

«እሺ። ብሩን ብትመልሺው እሱ ይነሣል? እማዬ ግን ትሞታለች።»

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባላል። የእኛ እናት ሆድ ያን ያህል ዥንጉርጉር እንዳልሆነ የማውቀው እጄን ከብሩ ላይ ማንሣት ሲያቅተኝ ነው። አምስቱን ኖቶች ባቀና ማንም አያውቅም። ሆስፒታሉ እንደሆነ ከየት አመጣችሁት ብሎ አይጠይቅም። ፈራሁ፤ ከእሱ ይልቅ ራሴን ፈራሁ።

«ልጆቼ፣ ሞላላችሁ?» ትላለች እናታችን።

ወንድሜ ዓይኑን ይተክልብኛል።

«አልሞላም፣ እማዬ» እላለሁ።

አልጋዋ ሲንቋቋ እሰማለሁ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች።

«ይሁን፤ ምን ይደረግ» ትለኛለች። «ብቻ ወንድምሽን እንዳትቆጪው። እሱም ለእኔ ሲል ነው የለፋው።»

ስልኬን አውጥቼ የአለቃዬን ቁጥር እፈልጋለሁ። ወንድሜ አይከለክለኝም። ጫማውን አውልቆ ከመጋረጃው ወዲያ ይገባና፣ የእናታችንን እግር ብርድ ልብሱ ውስጥ ማሸት ይጀምራል።