ከአይጥ የሚጠየቅ ፈቃድ

እጄን ሳጥኑ ውስጥ ዘርግቼ እጠብቃለሁ። ነጯ አይጥ ግን ጥግ ይዛ ደርቃለች፤ ጢሟ እንኳን አይነቃነቅም።

"ቀስ በይ" ይላሉ ከጀርባዬ የእንስሳት ሐኪሟ። እኛ ሠልጣኝ ተመራማሪዎች፣ እሳቸው በሌሉበት የምንጠራቸውም በዚሁ ቃል ነው፤ ቀስ በይ መጡ፣ ቀስ በይ ተቆጡ እንላለን። ያለ እሳቸው ፈቃድ እዚህ ማንም እንስሳ አይነካም። ዛሬ በእንስሳት አያያዝ ፈተናው ካላሳለፉኝ ስንት የለፋሁበት ጥናት ሰኞ ያለ እኔ ይጀመራል።

"ከዚህ በላይ እንዴት ቀስ ልበል ዶክተር? እየተነፈስኩም አይደለም እኮ።"

"እሷም እየተነፈሰች አይመስለኝም።" ጠጋ ብለው ክንዴን ያሸታሉ። "ቤትሽ ድመት አለች?"

ክው እላለሁ። ጠዋት ስለበረደኝ ከጋውኑ ስር ሹራቤን ለብሻለሁ፤ የእህቴ ድመት ስትተኛበት ያደረችውን ሹራብ። እህቴ "ይህን ሁሉ የተማርሽው አይጥ ልታቅፊ ነው?" እያለች ስታሾፍብኝ፣ እኔ ፀጉሩን እያራገፍኩ ነበር። አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች ይባላል፤ ለዚች ምስኪን ግን ሳታስበው ሽታውን ቤቷ ድረስ አመጣሁላት።

"አበቃልኝ ማለት ነው?"

"ያንቺን በኋላ።" ሐኪሟ አይጧን በሁለት መዳፋቸው አቅፈው አውጥተው ንጹህ ሳጥን ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር ይቀላቅሏታል። "ለሷ ለዛሬ ይበቃታል። አንቺ ሹራቡን አውልቂ፣ ሽታ በሌለው ሳሙና እስከ ክርንሽ ታጠቢ፣ ሌላ ጋውን ልበሺ። ሁለተኛ ዕድል የምትሰጥሽ ግን እኔ አይደለሁም፤ የምትቀጥለው አይጥ ናት።"

ታጥቤ ስመለስ ክፍሉ በደብዛዛ ቀይ መብራቱ ይጠብቀኛል። አይጦች የሚነቁት በጨለማ ስለሆነ ቀኑን ሌሊት አድርገንላቸዋል። ሌላ አይጥ ያለችበት ሳጥን ቀርቧል፤ አጠገቡ የኪስ ሬዲዮ የምታክል መሣሪያ ተቀምጣለች። የሰው ጆሮ የማይደርስበትን ቀጭን ድምፅ አወፍራ የምታሰማ ናት ይሉኛል። ለጊዜው ጭጭ ብላለች።

እጄን ከላይ አላወርድም፤ ከላይ የሚመጣ እጅ ለአይጥ ጭልፊት ነው። በጎን አስገብቼ መዳፌን እዘረጋለሁ። ትመጣለች፣ ትሸሻለች፣ ደግሞ ትመጣለች። ጣቴን በጥርሷ ትሞክረዋለች፤ አልነቃነቅም። ከዚያ እንደተማርኩት ማጅራቷን ኮርኮር አደርጋታለሁ፤ ቀስ ብዬ ገልበጥ አድርጌ ሆዷንም።

መሣሪያዋ ትንጫጫለች።

ደንግጬ እጄን እሰበስባለሁ። ድምፁ ይቆማል። አይጧ ብድግ ብላ እጄን እየተከተለች ትሮጣለች፤ ትደርስበትና ጣቴን ትጎትታለች። መሣሪያዋ እንደገና ትንጫጫለች።

"ምን ሆና ነው?"

"እየሳቀች ነዋ። ቀጥይ እያለችሽ ነው፤ ልጅ ኮርኩረሽ አታውቂም?"

እኮረኩራታለሁ፣ አቆማለሁ፣ ትመጣለች። እንባዬ ይመጣል። መዳፌን እንኳን የማትሞላ ፍጥረት፣ እኔን የሚያህል ሰው አምና ትጫወታለች። ሰኞ መርፌ ይዤ የምመጣባትም እኔው ነኝ። ይህንኑ ለሐኪሟ እነግራቸዋለሁ።

"የማሠለጥናችሁ ለዚሁ ነው" ይላሉ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። "መርፌውንም ቢሆን የምታውቀው እጅ ይያዘው። አልፈሻል።"

መሣሪያዋን ሊያጠፉ ሲሉ፣ ትንሽ ትቆይ ብዬ እለምናቸዋለሁ። ፈገግ ብለው ያነሷትና ፊቷን በመደርደሪያዎቹ ላይ ወደተደረደሩት ሳጥኖች ያዞሩታል።

ከዳር እስከ ዳር ይንጫጫል። አንዱ ሲጀምር ሌላው ይቀበለዋል፣ ከላይኛው ረድፍ ይጣራሉ፣ ከታችኛው ይመልሳሉ። እኔ ለእህቴ፣ የምሠራበት ክፍል ጸጥታው ያስፈራል ብያት ነበር።