የመቃብር አፈር
አፈር በፈቃድ ብቻ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ቤት የምንሠራበትም ቲማቲም የምንተክልበትም ፐርላይት ነው፤ በእሳት እንደ ፈንድሻ የፈካ ነጭ ድንጋይ። ወንድሜ ደባልቄ ሲሞት ለመቃብሩ የተፈቀደለትን አፈር የፐርላይት ፋብሪካው አለቃ ሽብሩ ለግቢው ሎሚ ወሰደበት። በፐርላይት ቀበርነው። ክረምት ሲገባ ፐርላይቱ ጎርፉ ላይ ተንሳፈፈ፤ በፓስታ ማጥለያ እየሰበሰብኩ መለስኩት።

ዛሬ የአፈር ፈቃድ የምፈርመው እኔ ነኝ። ሽብሩ እናቱ ሞተውበት መጣ።

«እትዬ ዘርፌ፣ አፈር ስሆን፣ አንድ ጆንያ ብቻ።»

«እርስዎም አፈር ሊሆኑ? ፈቃድ አለዎት?»

አንገቱን ደፋ። አንድ ጆንያ ፐርላይት በአንድ እጄ አንስቼ አቀበልኩት።

«ለቀስተኛው ‹አፈሩን ያቅልልላቸው› ሲል ይሰማሉ» አልኩት። «ለእናትዎ ከወዲሁ ቀሎላቸዋል።»