ዶሮ የሸተተ እጅ

ልጅቷ ተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ እንዳለች ቁልፉን ሆን ብላ መሬት ላይ ጣለችና አዲሱን አጋዥ ውሻዋን፣ "ሻኬድ፣ አምጣ!" አለችው። የውሻው አሰልጣኝ ሃይፋ ወዳለው ቤታቸው የመጣችው ለመጨረሻው ፈተና ነበር፤ ውሻው ልጅቷን ካልታዘዘ ይዛው ትሄዳለች። እናቷ በሩ አጠገብ ቆማ ታያለች። ሻኬድ ቁልፉን በጥርሱ አነሳ፤ ልጅቷን አልፎ ሄደና እናቷ እግር ሥር ተቀመጠ።

"ከልጅሽ እጅ በቀር እንዳይበላ ብዬ አልነበር?" አለች አሰልጣኟ።

"እማ፣ አብልተሽዋል አይደል?"

"ትንሽ ዶሮ ብቻ። እኔ በሌለሁበት ብትወድቂ ጥሎሽ እንዳይሄድ፣ ቤቱን ይልመድ ብዬ ነው።"

"ይኸው ለመደልሽ! ግን አንቺን።"

እናትየው ሁለቱንም እጆቿን ኪሷ ውስጥ ደበቀች። ውሻው ኪሷን አሽትቶ ጅራቱን ቆላ። ልጅቷ እንደገና ጠራችው። እናትየው "ሂድ" ልትለው አሰበች፤ ግን ያም የእሷ ትእዛዝ ይሆናል። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ዓይኗን ጨፍና ወደ ልጇ የሚሄድ ኮቴ ጠበቀች። ሻኬድ ግን ቁልፉን ቀስ ብሎ የእናትየው ጫማ ላይ አስቀመጠላት።