የሳሲል ጨርቅ

በእኛ በማያዎች መንደር፣ በዓመት አንድ ቀን የሙታናችንን አጥንት ከሣጥን አውጥተን አቧራውን በብሩሽ እናራግፋለን፤ የሚያርፉበትንም ጨርቅ እንቀይራለን። የልጅን ጨርቅ የምትጠልፈው እናት ናት።

ዘንድሮ ባለቤቴ ኒክቴ አልጠለፈችም። ከገበያ ገዛሁ።

የጥንት ነገሥታታችን ለአማልክት ገላቸውን ወግተው ደም ይሰጡ ነበር። የዛሬው ሰማይ ግን በደም አይጠግብም። አንድ ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚወደውን ትዝታ ካልሰጠው አይዘንብም። አምና በድርቁ ተራው የእኛ ቤት ነበር። እኔ ልሂድ ስል ኒክቴ ቀደመችኝ። ገና ቤት ሳትደርስ ዶፉ ወረደ።

አሁን መካነ መቃብሩ ውስጥ ተቀምጣ፣ ትንሿን የራስ ቅል ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጠርጋለች። የተኛ ልጅ ፀጉር የምታበጥር ነው የምትመስለው።

"ይህቺ የማን ልጅ ናት?" አለችኝ።

"ሳሲል ትባላለች" አልኩ።

"ስሟ ደስ ሲል።" የገዛሁትን ጨርቅ ዳሰሰችና ፊቷ ተለወጠ። "ይሄማ ይሻክራል። እናቷ ምን ዓይነት ሰው ናት? ዛሬ እንኳ ብቅ አትልም?"

ከአጥሩ ማዶ በቆሎው ከሰው ቁመት አልፏል። ዓይኔን እሱ ላይ ተከልኩ።

ኒክቴ የራስ ቅሉን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችው።

"በል መርፌና ክር አምጣልኝ" አለች። "እናቷ እስክትመጣ እኔ ልጥለፍላት።"