መቶ ሠላሳ ስምንት ኪሎ

መሳፍንት በሚዛን ዋሽቶ አያውቅም። በወደቡ ከተማ፣ ቡላኦስ ሰፈር በሚገኘው የሳቢት መጋዘን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲመዝን፣ «ጎደለብኝ» ብሎ የተመለሰ አንድ ሰው የለም። ሾፌሮቹ «መሳፍንት ካለ አለቀ» ይላሉ።

ያን ዓርብ ሞተሯን ወደ እሱ የገፉትም ለዚህ ነው።

ሞተሯን ያስመጣችው ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላት ኢክላስ ናት። ጠዋት ሽፋኑን ስትገልጥ የሞተር ወዳጆች ማኅበር በሙሉ አጨበጨበ። ቀይ፣ ቀጭን፣ ደረትን አስተኝተው የሚነዷት የውድድር ሞተር ናት። ወረቀቷ ላይ ክብደቷ መቶ ሠላሳ ስምንት ኪሎ ይላል። ጭቅጭቁም ከዚያ ላይ ተነሣ።

«ዋላሂ፣ ይህን ያህል ቀላል የለም» አለ የማኅበሩ አለቃ አቡዘር። አማርኛውን የተማረው ከጭነት ሾፌሮች ነው። «ወረቀት የፈለጉትን ቢጭኑት አይጎብጥም።»

«የኔ ተሳቢ ትርፍ ጎማ ሳይበልጣት አይቀርም» አለ ታዬ። ከአዲስ አበባ የሚመላለስ ሾፌር ነው፤ ወደብ ላይ ወረፋ ሲጠብቅ የሚውለው ሞተር ሲያይ ነው። «በአንድ እጄ አንጠልጥያት አገሬ እገባለሁ።»

«ትመዘን!» አለች ኢክላስ። «ልክ ከሆነች ማኅበራችሁ አሥራ ሁለት ከኔ ይገዛል። ካልሆነች ከነሣጥኗ እመልሳታለሁ።»

ተስማሙ።

ሳቢት መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል። «መሳፍንት፣ ዛሬ የምትመዘነው አንተ ነህ» አለው። «ይህ አሮጌ ሚዛን ካሳፈረኝ የኤሌክትሪኩን አስመጣለሁ። እሱ ሰው አይፈልግም።»

ሰዎቹ ሣቁ። መሳፍንት አልሣቀም። ሳቢት ይህን ሲናገር በዚህ ወር አራተኛ ጊዜው ነው።

መደንገጥ ነበረበት፤ አልደነገጠም። ካርቲየ 7 ቢስ ሰፈር ያለችውን አንዲት ክፍሉን፣ ኮምቦልቻ ያሉትን ሦስት ልጆቹን አሰበ። የሌላ ሰው ክፍል፣ የሌላ ሰው ልጆች መሰሉት።

«መጀመሪያ ሚዛኑ ይፈተን» አለ።

ማኅተማቸው ያልተነካ ሁለት ባለ ሃምሳ ኪሎ የስኳር ጆንያዎች አወጡበት። መሳፍንት ከተቀመጠበት ሣጥን ሳይነሣ አነበበ። «መቶ። ድፍን።» ሌሎቹም አንገታቸውን አስግገው አዩ። መቶ ነው።

ታዬ ደጅ ካለችው የጉልት ሻጭ ስኳር የሌለው ሻይ አመጣለት። «ጋሼ መሳፍንት፣ የስኳር ተራራ ሥር ቁጭ ብለህ ሬት ትጠጣለህ?»

«የሰው አደራ አይላስም።»

«እሱስ እውነትህን ነው!»

አቡዘር ሞተሯን ወደ ሚዛኑ ሲገፋ መሪዋ የመሳፍንትን ክንድ መታው። ከብርጭቆው የሚጨስ ሻይ እግሩ ላይ ተገለበጠ።

«ውይ! አቃጠልኩህ!» ብሎ ጮኸ አቡዘር።

መሳፍንት ባዶውን ብርጭቆ አየ። «ሌላ ይምጣልኝ» አለና ተነሣ።

ሞተሯ የሚዛኑ ብረት ላይ ወጣች፤ በማቆሚያዋ ዘንበል ብላ ቆመች። አቡዘር መሪውን እንደያዘ ነው።

«እጅህን አንሣ» አለው መሳፍንት።

«እንዳትወድቅ ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«አንሣ አልኩህ! ማንም እንዳይነካት። ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ!»

ሁሉም አፈገፈጉ። ምናልባት ብትወድቅ ሊይዛት፣ እሱ ብቻ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ አጠገቧ ቆመ።

«መቶ አርባ ዘጠኝ።»



«ድገመው» አለች ኢክላስ።

አወረዷት። ጠቋሚው ዜሮ ላይ ተመለሰ። እንደገና አወጧት፤ መሳፍንትም እንደገና ሰዎቹን አርቆ አጠገቧ ቆመ።

«መቶ ሃምሳ አንድ።»

«አርግዛለች እንዴ?» አለ ታዬ። ሣቁ መጋዘኑን ሞላው። አቡዘር ስልኩን አውጥቶ ሞተሯንና ቁጥሩን ባንድ ላይ ፎቶ አነሣ።

ኢክላስ የነዳጅ ታንኩን ከፍታ አሳየች፤ ደረቅ ነው። መቀመጫውን አነሣች፤ ምንም የለም። ከዚያ መሳፍንት ፊት መጥታ ቆመች።

«አሥር ዓመት ጎረቤቴ ነህ» አለችው። «አንድ ነገር ብቻ። ያላግባብ የጨመርከው የለም?»

«የለም።»

«በልጆችህ ማል።»

«ልጆቼን ይንሣኝ» አለ መሳፍንት። ድምፁ ቁጥር እንደሚያነብ ሰው ነበር።

ኢክላስ ዞራ ሣጥኑን ልታመጣ ሄደች።

ከቀትር በኋላ ሞተሯ ሣጥኗ ውስጥ ገባች፤ ሣጥኑም በምስማር ተመታ። በማኅበሩ ገጽ ላይ ፎቶው ከላይ «አሥራ ሦስት ኪሎ ውሸት» ተብሎ ተጽፎበት ወጣ። አንዱ «ከዝሆን ጋር ስትወዳደር ቀላል ናት» ብሎ ጻፈ። ሌላው «ኢክላስ ሩዝም ትሽጥልን፣ ኪሎዋ ይበረክታል» አለ። ሁለት መቶ ሰው ሣቀ። ማዶ የሱቁ በር ግማሽ ድረስ ወርዷል።

ሳቢት የመሳፍንትን ትከሻ መታ መታ አደረገው። «የኤሌክትሪኩ ነገር ቀርቷል። አንተ አለህልኝ።»

መሳፍንት ደስታ ጠበቀ። አልመጣም። ቁልፎቹን ሰቅሎ ወደ ቤቱ መንገድ ጀመረ። አስፋልቱ ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ፀሐይ ይተፋል።

«ጋሼ መሳፍንት!» ታዬ ከኋላው እየሮጠ ነው። «አንድ እግር ጫማህን በር ላይ ትተህ ሄድክ እኮ! አስፋልቱ አይፈጅህም?»

መሳፍንት ወደ ታች አየ። እውነትም ቀኝ እግሩ ባዶውን ነው፤ እስኪያየው ድረስ አላወቀም።

ታዬ በአንድ እጁ ሰማያዊውን ነጠላ ጫማ አቀበለው፤ በሌላው ስልኩን ዘረጋለት። «ፎቶውን አይተኸዋል? ቆይ፣ ቁጥሩ እንዲታይህ ላጉላልህ።» በሁለት ጣቱ ሲስበው ፎቶው ሸርተት ብሎ የታችኛው ጫፉ ጎልቶ ወጣ።

ከኋለኛው ጎማ ጎን፣ የሚዛኑ ብረት ላይ፣ ሰማያዊ ነጠላ ጫማ ያጠለቀ በሻይ የራሰ እግር ደልደል ብሎ ቆሟል።