ለጉንቮር የተመረጠው ሸክላ

ሐልዶር ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይኼን አስቀድሜ ልናገርለት። ግን አንዲትን ውሸት ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ሲዋሽ ኖሯል። የሚዋሸውም የጎረቤቱን ሚስት ነበር።

ጎረቤቱ ሲቨርት የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ነበር። በእነዚያ የኖርዌይ ባሕር ዳር መንደሮች የጸሎት ቤት ሰዎች ቫዮሊንን የሰይጣን ዕቃ ነው ይሉታል። የሚስቱ የጉንቮር አባት እንኳ ዘጠኝ ቫዮሊን በአንድ ቀን ያነደደ ሰው ነው። እንግዲህ የእንዲህ ያለው ሰው አማች ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሐልዶርን የጀልባ ቤት ከውስጥ ዘግቶ ቫዮሊን ይጫወት ነበር ቢባል ማን ያምናል? ሐልዶር ብቻ በርሜል ላይ ተቀምጦ ያዳምጠዋል። ለጉንቮር ግን መረብ ስንጠግን ዋልን ይሏታል።

«ዛሬስ ስንት ቀዳዳ ደፈናችሁ?» ትለዋለች መንገድ ላይ ስታገኘው።

«ሰባት።»

«ባለፈው ሐሙስም ሰባት ነበር።»

«ምን ላድርግ፣ ዓሣው ልማደኛ ሆነብን።»

ፈገግ ብላ ታልፋለች። ምስኪን፣ የበረዶው ወራት በመጣ ቁጥር ሳል አይለቃትም፤ ግራ ጆሮዋንም አንድ ዓመት ውርጭ በልቶት እንደቀላ ቀርቷል። ሐልዶር እሷን ባየ ቁጥር ሆዱ ይባባል። እንዲህ ያለችዋን የዋህ መዋሸት፣ ይላል በልቡ፣ እንዲህ ያለችዋን።

ሲቨርት ሊሞት ዓመት ሲቀረው ከከተማ አንድ ሰው መቅረጫ ይዞ መጥቶ ዜማዎቹን ቀድቶለት ነበር፤ ሲቨርት ግን ስሙን እንዳይጽፍ ሰውየውን አስምሎታል። የሙዚቃ ሸክላው ታትሞ ሲወጣ ላዩ ላይ «ስሙ ያልታወቀ ተጫዋች» ይላል። ሐልዶር አንዱን ገዝቶ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ከሌሎቹ ሸክላዎች ሥር ሸጎጠው።

ሲቨርት በሞተ በሁለት ዓመቱ፣ አንድ ሰኞ፣ ጉንቮር የድንች ቂጣ በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ሐልዶር ቤት መጣች።

«የልጅ ልጄ ቅዳሜ ታገባለች» አለችው። «ሙሽሪትን ፊት ፊት እየሄደ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳት ቫዮሊን ተጫዋች ነው አሉ። የጸሎት ቤቱ ሰዎች አንሄድም ብለዋል። እኔ ልጄን ትቼ አልቀርም።»

«ደግ አደረግሽ።»

«ታዲያ ቁጭ ብዬ ቫዮሊን ሰምቼ አላውቅም። ሰው ፊት እንዳልደነግጥ ብዬ ነው። አንተ ሸክላ አለህ፤ ለጀማሪ የሚሆነው የቱ ነው?»

ሐልዶር ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ቆመ። የሠርግ ዜማ ያለበት ሸክላ ሞልቶታል፤ አንዱን አንስቶ ቢሰጣት ነገሩ ያልቃል። ግን የባሏን እጅ ሳትሰማ ልትሞት ነው። ቢያሰማት ደግሞ፣ ብታውቀውስ? በየእሑዱ አበባ የምታኖርበትን መቃብር ልትረግመው ነው። የእኔስ ፊት፣ አለ በልቡ፣ የእኔስ ፊት የት ይገባል?

እጁ ግን ወደ ሥር ወረደ።

«ይኼ ይሻልሻል» አላት። «የማይቸኩል ሰው ነው። መጀመሪያ ዜማውን አትከተይው፤ እግሩን ስሚ። ወለሉን እየመታ ነው የሚጫወተው።»

«እግሩንም ነው የምሰማው?»

«እግሩንም። ከዚያ ዜማው ራሱ ይመጣልሻል። ቀረብ በይ እንጂ።»

«እዚሁ ደኅና ነኝ።»

በሩ አጠገብ፣ ጀርባዋን ለማጫወቻው ሰጥታ ተቀመጠች። ሻሿን ገፋ አድርጋ ጭንቅላቷን ከሳንቃው ግድግዳ አስጠጋች። ኃጢአቱን ፊት ለፊት ላለማየት ነው ብሎ አሰበ፤ ይኼም አንጀቱን በላው።

አንደኛው ዜማ አለቀ፤ ንቅንቅ አላለችም። በሁለተኛው ከንፈሯን ነከሰች። ሦስተኛውና የመጨረሻው ሲያልቅ ግን ትከሻዋ ሲርገፈገፍ አየና ሐልዶር ዘሎ መርፌውን አነሳው።

«ጉንቮር፣ ይቅር በይኝ» አለ። አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። «ሠላሳ ዓመት ዋሸሁሽ። መረብ የሚባል ነገር አልነበረም። ይኼ ሰውዬ...»

እጇን አንስታ አስቆመችው። ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

«ይኼን የመጨረሻውን ለምን አንዴ ብቻ ተጫወተው?» አለች። «ሐሙስ ሐሙስ ሁለቴ ነበር፤ አንዱ ለአንተ፣ አንዱ ከጀልባ ቤቱ ሳንቃ ወዲያ ለቆምኩት ለእኔ።»